እድር ለመግባት ከሦስት ዓመት በላይ የፈጀባት ጎረቤቴ

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ ጫፍ ናት። የአዳማው ፈጣን መንገድ የክፍያ ጣቢያ እዚሁ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ አስፋልቱን ስትሻገሩ አንድ የድሮ የገበሬ ግቢ አለ። ዙሪያው ቆርቆሮ፣ መሀሉ ትልቅ የጭቃ ቤት፣ ከጎኑ አራት የሚከራዩ ክፍሎች። ከአራቱ በአንዱ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አንዲት እናት ትኖራለች። ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ያመጣት ናት። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። እኔ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ነው የምኖረው። መጀመሪያ ደንበኛዋ ነበርኩ። አሁን «እህትዓለም» ትለኛለች።

ሰፈራችን ውስጥ እድር አለ። አዲስ ሰው በገባ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ወር «እድር ገብተሻል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። እሷም ተጠየቀች። «ቆይ እስቲ» አለች። በዓመቱ ደግመው ጠየቋት። «ቆይ እስቲ።» የወር መዋጮው የሚከብዳት አልነበረም፤ ከዚያ የሚበልጥ እቁብ ትጥላለች። ሰው ተቀየማት። እኔም በልቤ ታዝቤያታለሁ። ምክንያቱ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ይህን የምጽፈው ስለዚያ «ቆይ እስቲ» ነው።

ስሟን አልጽፍም፤ የመጣችበትን ቀበሌም አልጠራም። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ስጨርስ ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላት። ሁለት ቦታ አርማኛለች። እርማቶቹን በየቦታቸው ታገኟቸዋላችሁ።

ያ ጠዋት

ቤቷ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የቆቦ ሜዳ ነው። ባሏ ማሽላና ጤፍ ያርሳል። ከጉድጓድ በሞተር በሚሳብ ውሃ ሽንኩርትም ያለማል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የደረሳቸው ወሬው ነበር። ሐምሌ ላይ ግን ራሱ መጣ።

ያን ጠዋት ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ባልየው «እናቴን የት ጥዬ? በሬዎቹንስ?» አለ። እናቱ መራመድ አይችሉም። የ14 ዓመቱ ልጅ ከአባቱ ጋር ቀረ። እሷ የ8 ዓመት ሴት ልጇንና የ3 ዓመቱን ትንሽ ልጅ ይዛ ወጣች። ሲለያዩ ባሏ የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ሰጣት። በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። በሁለት ፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ሥር አሰረችው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በጦርነት መሀል ሰው የሚያደርገው ሁሉ የድንጋጤ ይመስለናል። ይህ ግን የታሰበበት ነበር። መሬቱ ከእሱ ጋር፣ ወረቀቱ ከእሷ ጋር። ጉልበት ያለው ልጅ ከአባቱ፣ አቅም የሌላቸው ከእናታቸው። አንዱ ወገን ቢጠፋ ሌላው የሚነሳበት ነገር እንዲተርፈው ነው እንዲያ የተካፈሉት። ያውም ተኩስ እየተሰማ፣ በአንድ ጠዋት።

ደሴ ውስጥ ሦስት ወር ትምህርት ቤት ተጠልላ ቆየች። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻም ሲያዙ እንደገና ተነሳች። ጥቂቱን በእግር፣ ቀሪውን በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ደረሰች። ከዚያ ሕንጻ የሚጠብቅ የአገሯ ልጅ ቱሉ ዲምቱ አመጣት። ከባሏ ጋር ድምፅ ለድምፅ የተገናኙት ጥር ላይ ነው። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ አማቷ ነው፤ ደህና ናቸው። ቀጥላ ስለ በሬዎቹ ጠየቀች። ከሁለቱ አንዱ የለም።

በሳምንት 20 ጊዜ

የግቢው ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። የዚሁ አገር ኦሮሞ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ ካሳ ተሰጥቷቸዋል። አሁን የቀራቸው ይህ ግቢ ነው። እኔ የምኖርበት ብሎክ እሳቸው ወይም ጎረቤታቸው ያርሱት በነበረ መሬት ላይ ነው የቆመው። እንጀራ ልገዛ ወደ ግቢያቸው በገባሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

እማማ የሁለት ወር ኪራይ በዱቤ ተዉላት። የራሳቸውን የሸክላ ምጣድ አዋሷት። «እኔም መሬቴን አጥቼ አውቃለሁ» ነው ያሏት። ከዚያ በላይ ምንም አላሏትም ትላለች።

ሥራውን የጀመረችው በቅጠልና በኩበት ነው። ቆይታ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች። ቀን መብራት ስለሚቆራረጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ ትጋግራለች። ስትጀምር ጤፍ ኪሎው ከ60 ብር በታች ነበር፤ በ2016 ከ120 ብር አለፈ። ብዙ ጋጋሪ ያኔ ሩዝና በቆሎ መቀላቀል ጀመረ። እሷ የተቀላቀለውን ለራሷ ቤት አደረገችው። የደንበኛውን አልነካችም። «ደንበኛ አንዴ ከሄደ አይመለስም» አለችኝ። ያኔ ነገሬ ብዬ አልሰማኋትም። ይህን «አይመለስም» የሚል ቃል ግን ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ከአፏ ሰምቼዋለሁ።

ልጆቹ ሰፈር ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገቡ። ሴቷ የክፍል ካርዷ ቆቦ ቀርቷል። ርዕሰ መምህሩ ጥቂት አስነብበው ጠየቋትና 2ኛ ክፍል አስቀመጧት። ትንሹ ዓመት ቆይቶ ቅድመ መደበኛ ገባ።

የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ይመግባሉ። ቁርስና ምሳ። ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣሉ። ፕሮግራሙ ለተፈናቃይ ታስቦ የወጣ አይደለም፤ ለከተማው ልጅ ነው። የዚህችን እናት ኑሮ ግን ከማንኛውም እርዳታ በላይ የያዘው እሱ ነው። ሒሳቡን በጣቷ እየቆጠረች አሳይታኛለች። ሁለት ልጅ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን። 20 ጊዜ። «ዛሬ ብመለስ ይቺን 20 ጊዜ ከየት አመጣታለሁ?» እኛ «ለምን አትመለስም?» ስንል ስለ ሰላምና ስለ ጦርነት ብቻ ነው የምናስበው። እሷ ሰላሙንም 20ውን ጊዜ ምግብም በአንድ ሚዛን ላይ ነበር የምታስቀምጣቸው። እኔ ሁለተኛውን አላየሁትም ነበር።

ሦስት ጊዜ

ልትመለስ ሦስት ጊዜ ተነስታለች።

አንደኛው ግንቦት 2014 ነው። ዝናብ ሳይገባ ልድረስ አለች። ባሏ ቆይ አላት። መብራት ስለሌለ ሞተሩ አይሠራም፤ ሽንኩርት የለም። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እንደገና ተነሳና ቆቦ እንደገና ተያዘች።

ሁለተኛው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ነው። ያን ማታ እማማ ግቢ ውስጥ እልል ተባለ። በማግስቱ መርካቶ ሄዳ ለአማቷ ነጠላ ገዛች። ግን የልጆቹ ትምህርት ገና ተጀምሯል። ካቋረጡ ዓመቱ ይባክናል። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እንሂድ ተባለ።

ሦስተኛው ያ ክረምት ነው። ሻንጣው ታሰረ። የትራንስፖርት ብሩ ለብቻው ተቀመጠ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ይህ ሌላ ውጊያ ነው፤ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም። ለእሷ ግን መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ተዘጋ። ኢንተርኔቱም ጠፋ፣ ስልኩም አንድ ቀን ይሠራል አንድ ቀን አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ ሻንጣው አልተፈታም። ነጠላው ውስጡ ነው።

መጀመሪያ በጻፍኩት ላይ «ተሰደደች» የሚል ቃል ነበር። የመጀመሪያ እርማቷ እዚህ ላይ ነው። «ተሰደደች አትበይ። ወጣች በይ። የወጣ ይገባል።»

ከዚህ ቃል በኋላ ነው ያለፉትን ዓመታት መልሼ ማየት የጀመርኩት። እኔ መወሰን ያቃታት ሴት ነበር የምትመስለኝ። አንዴ እሄዳለሁ፣ አንዴ እቆያለሁ። ነገሩን ስደረድረው ግን ውሳኔዋ ሁሉ አንድ መልክ ነበረው። የሚመለስ ነገር ላይ ትፈጥናለች። ሥራ መቀየር፣ መበደር፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት፤ እነዚህን በአንድ ቀን ትወስናለች። የማይመለስ ነገር ሲሆን ደግሞ ትዘገያለች፤ ሰው ቢቀየማትም ትዘገያለች። መሸኛ ከቀበሌዋ አላወጣችም። ለአዲስ አበባ መታወቂያ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛ ካወጣሁ ግን ከዚያ ተሰረዝኩ ማለት ነው፣ መሬቱም ይነካብኛል ብላ ትፈራለች። መሬት አልለቅ፣ መታወቂያ አልቀይር፣ እድር አልገባ። ሦስቱም ለእሷ አንድ ነገር ናቸው።

ይህ ዋጋ አለው። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ተከራይን የሚጠብቅ ነገር ነው። እሷ ግን የአዲስ አበባ መታወቂያ ስለሌላት ውሉን አላስመዘገበችም። የእማማ ቃል ብቻ ነው ያላት። የእማማ ቃል እስካሁን አልታጠፈም። ሁሉም ተከራይ ግን እማማን አያገኝም።

በሬ ወይስ ምጣድ

ግንቦት 2016 እቁብ ወጣላት። በሳምንት 1,000 ብር የሚጣል፣ የ40 ሰው እቁብ ነው፤ 40,000 ብር። ለእሷ ትልቅ ብር ነው።

እኔ ምክሬን አዘጋጅቼ ጠበቅኋት። ሁለተኛ ምጣድ ግዢ፤ በተረፈው ጤፍ በኩንታል ያዢ። ወረቀት ላይ አስልቼ አሳየኋት። በስድስት ወር ብሩ ይመለስ ነበር። ሰማችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ብሩን በሬ መግዣ አድርጋ ወደ ቆቦ ላከች።

ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅም። ውጊያ ባለበት አገር በሬ ይገዛል? ነገ ቢዘረፍስ?

ያላወቅሁት ነገር ነበር። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ብቻውን አያርስም። ሌላ አንድ በሬ ያለው ፈልጎ ይቀናጃል፤ መቀናጆ ይባላል። ተራ አለው። አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለአንተ። ቆላ ላይ ዝናቡ አጭር ነው። መሬቱ እርጥበት በያዘባቸው ጥቂት ቀናት ያልዘራ ሰው ከዚያ በኋላ ቢዘራም ምርቱ ያንሳል። ባሏ ከ2014 ጀምሮ በመቀናጆ ሲያርስ ነበር፤ በየዓመቱ ሁለተኛ ተራ እየደረሰው። ሁለተኛው በሬ ለእሱ ከብት ማርባት አልነበረም። በጊዜው መዝራት ነበር።

ሌላው ምክንያት እማማ ናቸው። ከእኔ በፊት እሳቸውን አማክራለች። ያሏትን እሳቸው ራሳቸው ደግመውልኛል። «ብር እጅ ላይ አይቆይም ልጄ። የመሬቴን ካሳ ተቀበልኩ። ባጃጅ ሆነ፣ ሠርግ ሆነ፣ ቤት እድሳት ሆነ። ከዚያ አለቀ። መሬቱ ቢኖር እስካሁን ያበላኝ ነበር።» እማማ ይህን ሲናገሩ ምሬት የለባቸውም። ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የታክሲው ሁሉ ተከትሎ ወጣ። ብሩን በብርነቱ ይዛው ቢሆን ኖሮ ብዙው ይቀልጥባት ነበር። ምጣድ ገዝታ ቢሆንስ? አሁንም ምጣዱ መጥፎ ሐሳብ ነበር አልልም፤ በየቀኑ ገቢ ያመጣ ነበር። ይህንኑ ስነግራት የመለሰችልኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ምጣዱ ለእኔ ነው። በሬው ለአራታችንም አባት ነው።» እሷን ጨምራ ነው አራት የምትለው።

ልጁ

የሚመለስና የማይመለስ ያልኩት ነገር አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። ትልቁ ልጅ ጋ። እሱ ላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ቢቀርም ቢመጣም፣ የማይመለስ ነው።

ነሐሴ 2015 ላይ ልጁ 16 ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። አባትየው ይፈልገዋል፤ ሽንኩርት ብዙ እጅ ይበላል። እናትየው ሌሊት ስትጋግር የምታስበው ሌላ ነው። ጎረምሳ ነው፤ ቁመቱ ረዝሟል። ወይ አንደኛው ወገን ይወስደዋል፣ ወይ ሌላኛው ይጠረጥረዋል።

ስልክ ስለማይሠራ የተነጋገሩት በደብዳቤ ነው። ሽንኩርት የሚያመላልሱ የአይሱዙ ሾፌሮች ናቸው ወረቀቱን የሚያደርሱት። አንድ ደብዳቤ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር። ሦስት ነገር ቀርቦ ነበር። እዚያው ይቅር። ደጋ ያለው አጎቱ ጋ ይሂድ። አዲስ አበባ ይምጣ። አባትየው የነፍስ አባታቸውን አማከረ፤ እናትየው ወንድሟን። ሁለት ወር ሙሉ አልተስማሙም። እኔ እኮ ባለትዳሮች በአንድ ወረቀት ላይ እንዲያ ተከባብረው ሲከራከሩ አይቼ አላውቅም። «እንደምን ከረምሽ» ተብሎ ይጀመራል፣ ሰላምታው ግማሽ ገጽ ነው፣ ከዚያ «የልጁን ነገር በተመለከተ» ይላል።

አራተኛውን ነገር ያነሳው ልጁ ራሱ ነው። ለወላጆቹ ግን አልነገረም። የሰፈሩ ልጆች በጅቡቲ አድርገው፣ ባሕር ተሻግረው፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ይሄዳሉ። በዚያ አካባቢ የታወቀ መንገድ ነው። ብዙ ልጅ በልቷል። ልጁ ደላላ ማነጋገሩን አንድ ሾፌር ለእናትየው ሹክ አላት። ያን ቀን እንጀራ አልጋገረችም። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ምጣዷን ሳትለኩስ የዋለችበት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የማውቀው፤ አንዱ ይህ ነው።

በሚቀጥለው መኪና የላከችው ደብዳቤ አጭር ነበር። «ባሕሩን ከሚሻገር እኔ ጋ ይምጣ።» አባትየው ተስማማ።

እኔ ስጽፈው «እናት ልጇን ለማዳን ወሰነች» ብዬ ነበር። ሁለተኛዋ እርማት ይህች ናት። «እሱም ወስኗል በይ። ልጅ አይደለም።» እውነቷን ነው። ልጁ ለአባቱ «እስከሚቀጥለው መኸር ልሂድ፤ ለአጨዳ እመለሳለሁ» ብሎ ነው የተነሳው። ለመሄድ የተስማማው መመለሻው ስለተነገረ ነው። የእናቱ ልጅ ነው።

ኅዳር 2016 የሽንኩርት መኪና ረዳት ሆኖ ተነሳ። ወደ ከተማው መግቢያ ያለው ኬላ ላይ መታወቂያ ተጠየቀ። የትምህርት ቤት መታወቂያ ብቻ ነበረው፤ መለሱት። ደብረ ብርሃን ዘጠኝ ቀን አደረ። ያስጠጉት ከወለጋ ተፈናቅለው እዚያ መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ምንም የሌላቸው ሰዎች ናቸው ምንም የሌለውን ልጅ ያበሉት። በሁለተኛው ሙከራ ገባ።

ከዚያ ያለውን ባጭሩ ላውራው። ዘበኝነት ፈለገ፤ ተያዥና መታወቂያ አምጣ ተባለ። የማታ ትምህርት ፈለገ፤ መታወቂያ። ብሎኬት ተሸከመ፣ ሲሚንቶ አወረደ። የአፈሳ ወሬ በተሰማ ቁጥር እናቱ ከግቢ አታስወጣውም፤ ያ ቀን ገቢ የለም።

መፍትሔውን ያመጣው አባትየው ነው፤ በደብዳቤ። ልጁ የመሬት ደብተሩ ላይ የለም። ስለዚህ መሸኛውን እሱ ብቻውን ያውጣ። እሷ ባለችበት ትቆይ። አንድ ሰው ወረቀቱን ወደ አዲስ አበባ ያዛውራል፣ ሁለቱ ባለደብተሮች አገራቸው ላይ ይቆያሉ። እኔ ብዙ የተማሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ይህን የሚያስብ ግን አላገኘሁም። መሸኛውን ለማግኘት ስምንት ወር ፈጀ። የቀበሌው ቢሮ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው፤ ማህተሙ የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። በመጨረሻ መጣ። ልጁ መታወቂያ አወጣ፣ ፋይዳም ተመዘገበ፣ ማታ መማር ጀመረ።

ለአጨዳው ግን አልተመለሰም። ዋጋውን የከፈለው አባትየው ነው። ረዳት ስላጣ የማሽላውን መሬት ለእኩል ሰጠ፤ የምርቱ ግማሽ ለአራሹ ይሄዳል። በአዲሱ በሬ በጊዜው የተዘራ ምርት፣ ግማሹ የሌላ ሰው ሆነ። ይህን እያወቀ ነው «ይምጣ» ብሎ የፈረመው።

መርዶው

የካቲት 2017 አማቷ አረፉ። ስልክ በዚያ ሰሞን አልነበረም። ወሬው በሾፌር በኩል ቱሉ ዲምቱ የደረሰው በ11ኛው ቀን ነው። ሾፌሩ ለእሷ አልነገራትም፤ መርዶ እንዲያ አይነገርም። ለአገሯ ልጅ፣ ለዘበኛው ነገረው። ዘበኛው ለእማማ። እማማ ለእድሩ ዳኛ።

ዳኛው ደንቡን ያውቃሉ። አባል አይደለችም። ሦስት ዓመት «ቆይ እስቲ» ብላለች። ያን ማታ ጥቂት ሰው ሰብስበው ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ጠዋት ግን ድንኳኑ ተጭኖ መጣ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ገባን። እሷ እየጋገረች ነበር። ሰዉን ስታይ ገባት። አንዷ ሴት ምጣዱን ነቀለች። ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ ቀረ። እማማ አጠገቧ ተቀምጠው በኦሮምኛ አለቀሱ፤ እሷ በአማርኛ። ሦስት ቀን ተቀመጥን። አግዳሚው፣ ስኒው፣ ብርጭቆው የእድሩ ነው። ንፍሮው ከየቤቱ መጣ። የኮንዶሚኒየሙ ሴቶች፣ እንጀራዋን በሞባይል ብቻ የሚያዙዋት ሳይቀሩ፣ ተራ ገብተው ቡና አፈሉ። አማቷን ያየ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም፤ ከእሷ ከልጆቿና ከዘበኛው በቀር። ስለ ደግነታቸው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ተወራ።

በአራተኛው ቀን ሁለታችን ስንቀር ነገረችኝ።

«እድር የቀብር ነው። እዚህ እድር ከገባሁ እዚህ ልትቀብሩኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነው።»

ሦስት ዓመት «ስስት» ያልነው፣ «ኩራት» ያልነው ይህ ነበር።

መጋቢት 2017 የእድሩ ስብሰባ ላይ መጣች። ከመፈረሟ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «እዚህ ብሞት አገሬ ትወስዱኛላችሁ?» ስብሰባው ጸጥ አለ። ጸሐፊው የመተዳደሪያ ደንቡን አወጡ። አስከሬን ወደ ትውልድ ቦታ መሸኘትን የሚመለከት አንቀጽ ነበረበት፤ ብዙዎቻችን ረስተነዋል። ለመኪና የሚሰጠው ብር ቆቦ አያደርስም። ዳኛው «የጎደለውን ሰው ያዋጣል፤ ይጻፍ» አሉ። ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ። እሷ ፈረመች። የቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ ባሏን አስመዘገበች፣ ሦስቱን ልጆች፣ ደጋ ያሉ እናትና አባቷን።

ግንቦት 2017 መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ሻል ሲል ባሏ መጣ። አራት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። 11 ቀን ቆየ። ትንሹ ልጅ ሲለያዩ 3 ዓመቱ ነበር፤ አሁን 7 ሆኗል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አባቱን «ጋሼ» ነበር የሚለው። ማንም አላረመውም። በሦስተኛው ቀን ራሱ «አባዬ» አለ።

ሴቷ ልጅ ዘንድሮ የ6ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። ትልቁ ማታ ይማራል፣ ቀን ይሠራል። እቁቡ እንደገና ተጀምሯል። ሁለተኛው ተራ ሲደርሳት ግማሹ ለምጣድ፣ ግማሹ ለዘር ነው ብላኛለች፤ በዚህ ጊዜ ወረቀት አላወጣሁም።

ባሏ ለሰኔ እርሻ ሊመለስ ሲነሳ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣች። ለእናቱ የገዛችውን ነጠላ ለእህቱ እንዲሰጥ አስያዘችው። ከነጠላው ሥር ደብተሩ አለ፤ በዚያው በሁለቱ ፌስታል እንደተጠቀለለ። እሱም አየው። አልጠየቃትም፤ እሷም አልሰጠችውም። ሻንጣውን መልሳ ዘጋችው።